ጥጉ የሚገጥም ረከቦት ለመሥራት፦ የጠረጴዛ መጋዝ ማይተር ጌጅ አስተካከል

ረከቦት ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሦስቱ ጥግ ጥርቅም ብሎ ይገጥማል፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ አየር ይገባል። ከዚያ ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ ይጠቀጠቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ለጊዜው ያምራል። ደንበኛዋ ቤት ገብቶ ከሰል አጠገቡ ሲነድ ሲከርም ግን ሙሌቱ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡና ያለ ጎረቤት አይፈላም፤ ያንን ጥግ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጦ ያየዋል።

ይህ ሲገጥም ብዙ ሰው እጁን ይጠራጠራል ወይ እንጨቱን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የምጠራጠረው ማይተር ጌጁን ነው። ማይተር ጌጅ የምንለው በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተውን መሪ ነው። ሦስት ነገር አለው፦ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ዘንግ፣ ዲግሪ የተጻፈበት ግማሽ ክብ ጭንቅላት፣ እና እንጨቱን የምናስደግፍበት ፊት። እንጨት በወርዱ ስትቆርጥ ማዕዘኑን የሚወስነው እሱ ነው።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚጠራቀም እንይ። ረከቦት አራት ጥግ አለው፣ ስለዚህ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ስምንት ጫፍ አለው። ጌጁ በሩብ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ስምንቱ ተደምሮ 2 ዲግሪ ይሆናል። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ 2 ዲግሪ ማለት ጫፉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሩብ ዲግሪን ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ባለው መስመር ማየት ከባድ ነው፤ በርካሽ ጌጆች ላይ ጠቋሚዋ ራሷ ከዚያ ትወፍራለች። ስለዚህ ቁጥሩን ለመጠጋጋት ተጠቀምበት እንጂ አትመነው። መመስከር ያለበት የተቆረጠው እንጨት ነው።

ቅደም ተከተሉ

ሰው ቸኩሎ በቀጥታ ወደ ጌጁ ይሄዳል። ጌጁ ግን የሚንሸራተተው በቦዩ ነው። ዲስኩ፣ ማለትም እንጨቱን የሚቆርጠው ክብ ምላጭ፣ ከቦዩ ጋር ትይዩ ካልሆነ ጌጁን ምንም ብታስተካክለው ቆረጣው ንጹሕ አይወጣም፣ እንጨቱን ያቃጥላል፣ የኋለኛው ጥርስ ይልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩ ከቦዩ ጋር፣ ቀጥሎ ዲስኩ ከጠረጴዛው ጋር፣ ከዚያ ዘንጉ በቦዩ ውስጥ፣ በመጨረሻ ፊቱ። ይህን ከገለበጥከው ሥራውን ሁለቴ ትሠራዋለህ።

የሚያስፈልግህ ብዙ አይደለም። ጥሩ ስኳድራ (90 ዲግሪ መፈተኛው)፣ ካሊፐር (ውፍረትን በጥቃቅኑ የሚለካው)፣ ማርከር፣ ካቻቪቴና ቁልፎች፣ ሁለት ሞርሴቶ (እንጨት አጥብቆ መያዣው)፣ የኤም.ዲ.ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) ቁራጭ፣ ጥቂት የኤ4 ወረቀት። ወረቀቱ ለመጻፊያ አይደለም፤ ባለ 80 ግራሙ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርካሽና አስተማማኝ መለኪያ ይሆንሃል።

አንድ ነገር አደራ። ዲስኩን በእጅህ የምትነካበት ሥራ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት መጋዙን ከሶኬት ንቀል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መብራት ጠፍቷል ብለህም እጅህን አታስገባ፤ መብራት በኛ አገር ሳይነግር ሄዶ ሳይነግር ይመጣል። እየቆረጥክ መብራት ከሄደም መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፋ፣ ከዚያ ነው ቡና ልጠጣ የሚባለው።

መጀመሪያ ስኳድራህን ፈትን

የገዛኸው ስኳድራ ትክክል ነው ብለህ አትነሳ። ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ከመጀመሪያውም ጠማማ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካ የቆረጠው ቀጥ ያለ የኤም.ዲ.ኤፍ ጠርዝ ፈልግ። ስኳድራውን ጠርዙ ላይ አስደግፍና በሹል እርሳስ ወይም በቢላ ጫፍ መስመር አስምር። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጠህ ከሌላኛው ጎን አምጣውና በዚያው ነጥብ ላይ ሁለተኛ መስመር አስምር። ሁለቱ መስመሮች እስከ ጫፍ ከተጋጠሙ ስኳድራህ ጤነኛ ነው። እየተለያዩ ከሄዱ ልዩነቱ የስሕተቱ እጥፍ ነው። እንዲህ ያለውን ስኳድራ ለግንበኛ ስጠው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዲስኩ ከቦዩ ጋር ትይዩ ነው?

መጋዙን ነቅለህ ዲስኩን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው። አንድ ጥርስ ምረጥና በማርከር ምልክት አድርግበት። ጌጁን ቦዩ ውስጥ አስገባ፣ ፊቱ ላይ አንድ ቀጭን ጣውላ በሞርሴቶ እሰር፣ ጣውላው ጫፍ ላይ ቪቴ አስገባ። አሁን ምልክት ያደረግክበትን ጥርስ ወደ አንተ አምጣውና የቪቴው ራስ ጥርሱን ልክ እስኪነካ ድረስ አዙረው። መግፋት የለበትም፣ መነካካት ብቻ ነው። በእጅህ ዲስኩን ስታዟዙረው ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ትሰማለህ። ያንን ድምፅ ጆሮህ ይያዘው።

ከዚያ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙረው፣ ጌጁንም ወደ ኋላ ግፋው፣ እዚያም አዟዙር። ድምፁ አንድ ዓይነት ከሆነ ዲስኩ ትይዩ ነው። ክፍተት ካለ ወረቀት እየጨመርክ ስንት እንደሚገባ እይ፤ አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ እኔ አልነካውም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከገባ መስተካከል አለበት። ቪቴው ኋላ ላይ ጭራሽ ከተጋጨና አላልፍም ካለም ያው ነው፤ ዲስኩ በሌላው በኩል ዞሯል ማለት ነው። አንድ ጥርስ ብቻ የምንጠቀመው ዲስኩ ራሱ ትንሽ የተወላገደ ቢሆን እንኳ ልኬታችን እንዳይበላሽ ነው።

ማስተካከያው እንደ መጋዙ ዓይነት ይለያያል። የፋብሪካ መጋዝ ከሆነ ዲስኩን የተሸከመው ብረት ከጠረጴዛው ሥር በብሎን ታስሯል። ከአራቱ ሦስቱን አላላ፣ አንዱን ተወው፣ በእንጨት ቁራጭ ላይ በመዶሻ ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርግ። ነካ ካደረግክ በኋላ ለካ፣ አጥብቅ፣ እንደገና ለካ፤ ስታጠብቅ ይንሸራተታልና።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ብዙ እንጨት ሥራ ቤት ያለው ግን እዚሁ የተበየደ መጋዝ ነው። ሞተሩ ከታች ሆኖ በቺንጋ አክሱን ያሽከረክራል፣ አክሱ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ተቀምጧል። ይህ ለማስተካከል እንዲያውም ይቀላል። ከሁለቱ ኩሽኔታዎች የአንዱን ብሎኖች አላልተህ ወደፊት ወይ ወደኋላ ትገፋዋለህ፣ ዲስኩ ይዞራል። ቀዳዳው ጥብቅ ከሆነ በሞላላ ፋይል ትንሽ አስፋው። ከጨረስክ በኋላ የቺንጋውን መስመር አትርሳ፤ አክሱ ሲዞር ቺንጋው ከፑሌው ሊወጣ ይችላል።

ጠረጴዛው ቦይ ከሌለውስ? ላሜራ ብቻ ከሆነ ሁለት ቀጥ ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶችን በመሃላቸው ዘንጉ የሚያልፍበት ቦታ ትተህ በብሎን እሰራቸው። ብየዳ አልመክርም። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይጠመዝዛል፣ ከዚያ መመለሻ የለውም። ብሎን ግን ሁሌም ይላላል፣ ሁሌም ይስተካከላል። ብረቶቹ ጠረጴዛውን ከፍ ስለሚያደርጉት የቀረውንም ገጽ በዚያው ውፍረት ባለው ኮምፔንሳቶ ልትሞላው ይገባል።

ቀጥሎ ዲስኩ ለጠረጴዛው 90 መሆኑን እይ። ስኳድራውን ጠረጴዛው ላይ አቁመህ የዲስኩን አካል አስነካው፤ ጥርሱን አይደለም፣ ጥርስ ወደ ጎን ስለሚወጣ ያሳስትሃል። ከበስተጀርባ የስልክህን መብራት አብራ። ከላይም ከታችም ብርሃን እኩል ካላለፈ የዲስኩን ማዘንበያ አስተካክል።

ዘንጉ ቦዩ ውስጥ ሲወዛወዝ

የብዙ መጋዞች ቦይ ወርዱ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትናንሾቹ ግን የራሳቸው ልክ አላቸው። ጌጁን ቦዩ ውስጥ አስገባና ጭንቅላቱን ይዘህ ግራ ቀኝ ነቅንቀው። ካ ካ ካ ካለ ችግር አለ። ይህ ክፍተት እንጨት ስትገፋ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ ስለዚህ አንዱ ቆረጣ ከሌላው ይለያል። የማይደጋገም ስሕተት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምን እንደምታስተካክል እንኳ አታውቅም።

መጀመሪያ ቦዩን በብሩሽ ጥረግ። የጠነከረ ሰጋቱራና ኮላ ጥጉ ላይ ተለጥፎ ይሆናል። ከዚያ ዘንጉ ጎን ላይ ትንንሽ ማስተካከያ ብሎኖች ካሉት እነሱን ቀስ እያልክ አጥብቅ፣ ሳይወዛወዝ ግን ያለ ትግል መሄድ አለበት። ብሎን ከሌለው ርካሹ ዘዴ ይህ ነው፦ ዘንጉን ሞርሳ ላይ እሰርና ጎኑን በሾለ የብረት መምቻ ነጥብ ነጥብ አድርገህ ምታው። ምቱ የነጥቡን ዙሪያ ብረት ትንሽ ያሳብጠዋል፣ ክፍተቱ ይሞላል። በአምስት ሴንቲ በአምስት ሴንቲ ርቀት፣ በአንድ ጎን ብቻ። ከበዛብህ በፋይል ታወርደዋለህ። መጨረሻ ላይ ቦዩን ሻማ ቀባው። ግራሶ አትቀባ፤ ግራሶ ሰጋቱራ ሰብስቦ ጭቃ ይሠራል፣ እንጨትህንም ያቆሽሻል፣ ቫርኒሽም አይዝም።

ፊቱ ላይ ጣውላ ጨምርበት

ከጌጁ ጋር የሚመጣው ፊት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ረጅም ጣውላ ስታስደግፍበት ጫፉ ይዞርብሃል። አብዛኞቹ ጌጆች ፊታቸው ላይ ሁለት ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳዎቹ የተሠሩት ጣውላ እንድታስርባቸው ነው። 60 ሴንቲ ገደማ የሚረዝም፣ 7 ወይም 8 ሴንቲ ከፍታ ያለው ጣውላ እሰርበት፤ ከዚህ በኋላ መደገፊያ የምለው እሱን ነው።

የምን እንጨት? እኔ ኤም.ዲ.ኤፍ ሁለት ድርብ በኮላ አጣብቄ ብሠራ እመርጣለሁ። ዋንዛና ጽድ ለዕቃ ግሩም ናቸው፣ ነገር ግን ያልደረቀ እንጨት ይዞራል። እዚህ አካባቢ ደግሞ አየሩ ይፈትንሃል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፣ ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቀኑን ሙሉ አይነሳም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ኮምቦልቻ ስትገባ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ባቲ ስትደርስ ጭራሽ በረሃ ነው። ደሴ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ባቲ ወርዶ ሲደርቅ ይቆለመማል። መደገፊያህ ሲቆለመም ማዕዘንህም አብሮ ሄደ። የግድ ደህና እንጨት ከሆነ የምትጠቀመው አሮጌ በር ወይም አሮጌ አልጋ ፈልግ፤ ብዙ ዓመት የኖረ እንጨት መዞሩን ጨርሷል።

ጣውላውን ስታስር ፊቱ ለጠረጴዛው ቀጥ ብሎ መቆሙን በስኳድራ እይ። ካዘነበለ በጣውላውና በጌጁ መካከል ከላይ ወይም ከታች ወረቀት አስገባበት። ሥሩ ላይ ደግሞ ትንሽ ጠርዙን ላገው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል፤ ሰጋቱራ እዚያ ይገባልና እንጨትህን ከመደገፊያው አይገፋውም። ይህች ትንሽ ነገር ስንት ቆረጣ ታድናለች። ፊቱ ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፍበት፣ በተለይ 45 ስትቆርጥ እንጨቱ እንዳይንሸራተት።

የመጀመሪያው ማስተካከያ

መጋዙ እንደተነቀለ ነው። የጌጁን እጀታ አላላ። ስኳድራውን አንድ ክንዱን በመደገፊያው ላይ፣ ሌላውን በዲስኩ አካል ላይ፣ በሁለት ጥርሶች መካከል አሳርፈው። ሁለቱም ክንዶች ያለ ክፍተት ሲያርፉ እጀታውን አጥብቅ። ስታጠብቅ ጭንቅላቱ አብሮ ትንሽ መዞሩ አይቀርም፣ ስለዚህ በአንድ እጅህ ያዘው፣ በሌላው ቀስ ብለህ አጥብቅ፣ ስኳድራውን መልሰህ አሳርፈህ እይ። ሁለት ሦስቴ ልትደጋግመው ትችላለህ።

አሁን ሰክተህ ፈጣን ፈተና አድርግ። 10 ሴንቲ ወርድ ያለውና ሁለቱ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ ቁራጭ ወስደህ መሃሉን ቁረጥ። ሁለቱን ግማሾች ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ያለ ነገር አስደግፈህ እንደነበሩ ግጠማቸው፤ አሁንም ይገጥማሉ፣ ያ ምንም አይነግርህም። ከዚያ አንዱን ብቻ ከላይ ወደ ታች ገልብጠውና ግጠማቸው። ክፍተት ከታየ ጌጅህ 90 አይደለም፣ የምታየውም ክፍተት የስሕተቱ እጥፍ ነው። እስኪዘጋ ድረስ አስተካክል። ለበርና ለመስኮት ፍሬም ይህ ብቻ ሊበቃህ ይችላል። ለረከቦት፣ ለአትሮኖስ፣ ለቁርአን ማስቀመጫ፣ ጥጉ ዓይን ውስጥ ለሚገባ ዕቃ ሁሉ ግን አይበቃም።

አምስቱ ቆረጣ

ይህ ዘዴ ቀላል ነው፣ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ብልሃቱ አንዱን ስሕተት አራት ጊዜ አጥፎ በካሊፐር እንዲለካ ማድረጉ ነው።

32 ሴንቲ በ32 ሴንቲ የሆነ የኤም.ዲ.ኤፍ ሰሌዳ አዘጋጅ። ኤም.ዲ.ኤፍ ያልኩት ጅማት ስለሌለውና ስለማይዞር ነው። አራቱን ጎኖች በማርከር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ጻፍባቸው፣ እንደ ሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞርክ። ጌጁ በዲስኩ ግራ ባለው ቦይ ውስጥ ይሁን። ዲስኩን ከሰሌዳው ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው። መነጽር አድርግ።

ጎን 1 በዲስኩ በኩል ሆኖ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ላጠው። አሁን ሰሌዳውን እንደ ሰዓት ዘንግ አዟዟር አዙረው፤ አሁን የቆረጥከው ጎን 1 መደገፊያው ላይ ያርፋል፣ ጎን 2 ወደ ዲስኩ ይመጣል። ጎን 2ን ላጠው። አዙር፣ 2 መደገፊያው ላይ፣ 3ን ላጠው። አዙር፣ 3 መደገፊያው ላይ፣ 4ን ላጠው። ሰሌዳውን በፍጹም አትገልብጥ፣ ላይ የነበረው ገጽ እስከ መጨረሻ ላይ ይሁን። በእያንዳንዱ ቆረጣ መደገፊያው ላይ የተጠራቀመውን ሰጋቱራ ጥረግ፤ አንዲት ብናኝ ሒሳቡን ታበላሸዋለች።

አምስተኛው ላይ እንደገና አዙር፣ 4 መደገፊያው ላይ፣ 1 ወደ ዲስኩ። አሁን ግን 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ረጅም ቀጭን ቁራጭ ቁረጥ። ቁራጩን ገና ሳትቆርጠው በፊት ለአንተ በሚቀርበው፣ መደገፊያውን በሚነካው ጫፍ ላይ "ሀ"፣ በሩቁ ጫፍ ላይ "ለ" ብለህ ጻፍ። ከቆረጥክ በኋላ ዲስኩ ቆሞ እስኪያበቃ ቁራጩን አታንሣው። ለርዝመት መሰንጠቂያ የምንጠቀምበትን ረጅሙን መሪ ደግሞ ቁራጩን ለማስቆም ብለህ አታቅርበው። በመሪውና በዲስኩ መካከል የተያዘ ልቅ ቁራጭ ወደ አንተ ይወረወራል፣ ስትመታ አታየውም።

አሁን በካሊፐር ሁለቱን ጫፎች ለካ። እንበል "ሀ" 26.2 ሚሊ ሜትር፣ "ለ" 24.6 ሆነ። ልዩነቱ 1.6 ነው። ለአራት አካፍል፣ 0.4። ቁራጩ 30 ሴንቲ ገደማ ስለሚረዝም ጌጅህ በ30 ሴንቲ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል ማለት ነው። በስኳድራ ብቻ ይህን ማየት ከባድ ነበር።

ወዴት እናዙረው? "ሀ" ከ"ለ" ከበለጠ የመደገፊያው ግራ ጫፍ ወደ አንተ ተጠግቷል፣ ስለዚህ ወደፊት፣ ከአንተ እንዲርቅ ግፋው። "ለ" ከበለጠ ወደ ራስህ ሳበው። ጌጁ በቀኝ ቦይ ከሆነ ሁሉም ይገለበጣል፤ ቁጥሩን የምትጽፍበትም፣ ሰሌዳውን የምታዞርበትም አቅጣጫ ይቀየራል፣ የምታንቀሳቅሰውም ቀኙን ጫፍ ይሆናል።

ምን ያህል? ጭንቅላቱ ከሚዞርባት ብሎን እስከ መደገፊያው ግራ ጫፍ ያለውን ርቀት ለካ። 30 ሴንቲ ከሆነ ጫፉን 0.4 ሚሊ ሜትር አንቀሳቅስ፣ ይኸውም አራት ወረቀት። 15 ሴንቲ ከሆነ ግማሹን፣ ሁለት ወረቀት።

በዓይን ግን አራት ወረቀት ያህል ማንቀሳቀስ አይቻልም። እንዲህ አድርግ። መጋዙን ንቀል። ዘንጉ ቦዩ ውስጥ እንዳይነቃነቅ በሽብልቅ አጥብቀው። ጫፉን ወደፊት የምትገፋው ከሆነ በመደገፊያው ጫፍ ፊት ለፊት አንድ የእንጨት ቁራጭ አስቀምጥ፣ በመሃላቸው አራት ወረቀት አስገባ፣ ቁራጩን አጥብቀህ ጠረጴዛው ላይ በሞርሴቶ እሰር። ወረቀቶቹን አውጣ። አሁን የጌጁን እጀታ አላልተህ ጫፉ ቁራጩን እስኪነካ ግፋውና አጥብቅ። ልክ 0.4 ሄደ። ወደ ራስህ የምትስበው ከሆነ ቁራጩን ከኋላ አድርገው።

ከዚያ አምስቱን ቆረጣ ድገም። ያው ሰሌዳ እስኪያልቅ ያገለግላል፣ ብቻ ሲያጥር በሒሳቡ አዲሱን ርዝመት ተጠቀም። የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን አቁም። ያ ማለት በ30 ሴንቲ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፣ የወረቀት ግማሽ። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮላውም ብርጭቆ ወረቀቱም ከዚያ የበለጠ ይለውጡታል።

ማቆሚያዋን ብሎን አሁን እሰራት

ብዙ ጌጆች ከሥራቸው ወይም ከኋላቸው ለ90 እና ለሁለቱ 45 ማቆሚያ ብሎኖች አሏቸው። የ90ዋን ብሎን ማቆሚያውን ልክ እስክትነካ ድረስ አዙርና ዳዶዋን አጥብቅ። ዳዶ ስታጠብቅ ብሎኗ አብራ እንዳትዞር በካቻቪቴ ያዛት። ጌጁን አላልተህ ወደ 45 ውሰደው፣ መልሰህ ወደ 90 አምጣው፣ የግልበጣውን ፈተና ድገም። ካልተመለሰ ብሎኗ ልል ናት። ማቆሚያ የሌለው ጌጅ ከሆነ በተረጋገጠው 90 ላይ እያለ ጭንቅላቱና ታችኛው ብረት ላይ አንድ ቀጭን ጭረት በቢላ ጫር። ፋብሪካው ከጻፈው ቁጥር ያንተ ጭረት ይሻላል።

45 ለብቻው ይፈተናል

90 ስለተስተካከለ 45ም ተስተካክሏል አይባልም። ጌጁን ወደ 45 አዙር፣ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቁረጥ። አንዱን ገልብጠህ ጫፍ ለጫፍ ግጠማቸውና ኤል ሥራ። የፈተንከውን ስኳድራ ውስጡ አስገባ። ኤሉ ከስኳድራው በላይ ከተከፈተ ሹሉ ማዕዘን ከ45 በልጧል፤ ጌጁን ከ90 ይበልጥ አርቀው። ኤሉ ከጠበበ ወደ 90 መልሰው። እዚህም የምታየው ክፍተት እጥፍ ነውና ግማሹን ብቻ አንቀሳቅስ።

45 ስትቆርጥ እንጨቱ በመደገፊያው ላይ ወደ ጎን መንሸራተት ይወዳል። ብርጭቆ ወረቀቱ ይረዳል፣ እኔ ግን ለመጨረሻው ዕቃ በሞርሴቶ አስረዋለሁ። ቀስ ብለህ ግፋ፣ በእኩል ጉልበት። የደነዘዘ ዲስክ እንጨቱን ስለሚገፋው ማዕዘኑን ያጠማል፣ ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ላይ በተለይ ይታያል።

ሌላም አለ። ማዕዘኑ ፍጹም ሆኖ ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል ካልረዘሙ አሁንም አራተኛው ጥግ አይገጥምም። ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች፣ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች በሜትር እየለካህ አትቁረጥ። መደገፊያው ላይ አንድ የእንጨት ቁራጭ በሞርሴቶ አስረህ ማስቆሚያ አድርገው፣ ሁለቱንም እሱ ላይ አስነክተህ ቁረጥ። ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ገጥመህ ጫፎቹን በጣትህ ዳስስ፤ ጣት ዓይን የማያየውን ልዩነት ይይዛል።

በመጨረሻ ከርካሽ እንጨት አራት ጎን ቆርጠህ ያለ ኮላ በገመድ አስረህ ግጠም። አራቱም ጥግ ከተዘጋ ዋንዛውን አምጣ። ከአራቱ አንዱ ብቻ አየር ካለው ግን መጀመሪያ የጎኖቹን ርዝመት ለካ፣ ያ እኩል ከሆነ ወደ 45ቱ ፈተና ተመለስ፤ የ90ውን ማስተካከያ አትንካው። መጋዙን ከቦታ ወደ ቦታ ካንቀሳቀስከው፣ ጌጁ ከወደቀ፣ ወይም ክረምት ገብቶ መደገፊያው ከተነፋ የግልበጣውን ፈተና አድርግ፣ አምስቱን ቆረጣ የምትደግመው ያ ፈተና ክፍተት ካሳየህ ብቻ ነው።